የቀበሮዎቹ መንገድ

እናትየዋ አይጥ በአፏ ይዛ ስትመጣ ሦስቱም ልጆቿ ተነሱ። ቁመታቸው ከእሷ እኩል ሆኗል። ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው እናቲቱን ከልጆቿ መለየት ያስቸግራል። ሲርባቸው ግን አሁንም እንደ ጨቅላ ሆዳቸውን መሬት አስነክተው፣ ጆሯቸውን ወደ ኋላ አጣብቀው አፏን ይልሳሉ። ያን ቀን ጠዋት ፊቷን አዞረችባቸው። አይጧን እንደያዘች ጥቂት ራቅ ብላ፣ ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ ብቻዋን በላች። ልጆቹ ቆመው አዩዋት።

ደብተሬ ላይ «እናት ምግብ ከለከለች» ብዬ ጻፍኩና እጄን ወደ ጋቢዬ ውስጥ መለስኩ።

ይህ የሆነው ጉና ላይ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ዱር እንስሳት ነው። ተመርቄ ደብረ ታቦር አባቴ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ አስተማሪዬ የነበሩ ሰው ለጥናታቸው ቀይ ቀበሮ የሚከታተል ሰው ሲፈልጉ ደወሉልኝ። ሥራው ጠዋት ወጥቶ ሸንተረሩ ላይ መቀመጥ፣ በማጉያ መነጽር ማየት፣ ያዩትን መጻፍ ነው። ከእኔ በፊት የተጠየቁት ብርዱንና ብቸኝነቱን ፈርተው እምቢ ብለዋል። እኔ ደግሞ የፈለግሁት እሱኑ ነበር።

እናቴ የሞተችው ባለፈው ነሐሴ ነው። ስትቀበር አላለቀስኩም፤ በአርባዋም አላለቀስኩም። አክስቶቼ መጀመሪያ «ደንግጣ ነው፣ ይወጣላታል» አሉ፤ በኋላ ግን ነገሩን አላነሱትም። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ የምመልሰው አጣለሁ። በተፈጥሮዬም ሰው ፊት መናገር አልችልበትም፤ ከእሷ ሞት በኋላ ደግሞ ድምፄ ራሱ የሌላ ሰው ይመስለኝ ጀመር። ያ ጋቢ የእሷ ነው። ፈትላ ያስቀመጠችውን ሸማኔው ሠርቶ ያመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ሙቀት ነበረው። ከዚያ ሌላ ምንም አይሰማኝም ነበር።

ያረፍኩት ከሸንተረሩ ሥር ብቻቸውን ከሚኖሩ አንዲት ሴት ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ፣ የመኪናው መንገድ በሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ሻይ ቤት ከፍታለች። እሳቸው የገብስና የድንች ማሳ፣ ጥቂት በጎች፣ በጎቹን የሚጠብቅ አንድ ቡላ ውሻ አላቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ስልክ የሚሠራው እኔ ከምቀመጥበት ድንጋይ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ልጃቸውን ማነጋገር ሲፈልጉ ይወጣሉ። አውርተው ሲጨርሱ አጠገቤ ቁጭ ይሉና ማጉያውን ይቀበሉኛል።

ያን ቀንም መጡ።

«ምነው አኮረፈቻቸው?» አሉ እናትየዋን እያዩ።

«አታበላቸውም። ራሳቸውን እንዲችሉ ነው።»

«ጡት አስጣለቻቸው በይኛ! እኔ ያቺን ልጄን ሳስጥል እሬት ቀብቼ ነበር። ታዲያ እሬቱን ልሳ ጨረሰችው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እስከ ዛሬ አፏ መራራ ነው። ሻይ ቤት ከፍታ ስኳር ስትልስ ብትውልም አልለቀቃት።»

ያን ሰሞን ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። እናትየዋ ማልዳ ትነሳና ጓሳው ሣር ውስጥ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀጥ ብላ ትቆማለች። የሚንቀሳቀሰው ጆሮዋ ብቻ ነው። ከዚያ ትዘልና አይጧን ከጉድጓዷ አፍ ላይ ትይዛለች። ልጆቿም ይሞክራሉ። ትልቁ ወንድ ይቸኩላል፤ ሣር ብቻ ነክሶ ይነሳና ያየው እንዳለ ለማወቅ በሚመስል ሁኔታ ዙሪያውን ይመለከታል። ሌላው ወንድ ትዕግሥት አለው፣ ግን የሚጠብቀው ባዶ ጉድጓድ ነው። ሴቷ ነጣ ያለች ናት። እሷ ማደኑን ትታ ያገኘችውን ሁሉ ሄዳ ታሸታለች፤ የበግ በጠጥ፣ የሰው ዱካ፣ አንድ ቀን ረስቼው የሄድኩትን ጓንቴን። ሲመሽ ሁሉም በአንድ መስመር ሆነው የሸንተረሩን ጀርባ ይዘው ይሄዳሉ። እናትየዋ ከፊት ናት። ሁልጊዜ በዚያው መንገድ ነው።

አስተማሪዬ ስሄድ አንድ ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። የጉና ቀበሮዎች ጥቂት ናቸው፤ ከሰው ይልቅ የሚያሰጋቸው የውሻ በሽታ ነው። ያበደ ውሻ አንዱን ከነከሰ ቤተሰቡ በሙሉ ሊያልቅ ይችላል። ውሻ ወደ እነሱ ሲጠጋ ካየሁ ወዲያው እንድደውል ነግረውኝ ነበር።

የእትዬ ውሻ ጠፍቶ ሰነበተና አንገቱ ላይ ተነክሶ ተመለሰ። እኔ ከሸንተረሩ ስወርድ እትዬ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ?»

«ቅቤ ልቀባው ብል ቀጨም አደረገኝ። አሞት እኮ ነው ልጄ፣ ቁስሉን ስለነካሁበት ነው።»

ጨርቁን ፈታሁት። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ሁለት ጥርስ ገብቷል። በሳሙናና በብዙ ውኃ አጠብኩላቸው። ሳሙናው አልቆ ሌላ ስከፍት «ልብስ አደረግሽኝ» ብለው ሳቁ። ውሻው መታሰር አለበት አልኳቸው። ያልኩት በጣም ቀስ ብዬ ስለነበር ሁለተኛ ማለት ነበረብኝ። ወጥተው በጥሩ ገመድ አሰሩት።

በማግስቱ ገመዱን በልቶ ሄዷል።

እኔ ያየሁት ከድንጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ከገብሱ ማሳ ወጥቶ በጓሳው መሃል ወደ ላይ ይመጣል። ወገቡ ይንገዳገዳል፣ አገጩ ወርዷል፣ ወደ ምንም አያይም። ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ ቀና አሉ። ነጣ ያለችው ሴቷ ተነስታ ጅራቷን እያወዛወዘች ልትቀበለው ሄደች። እናትየዋ ራቅ ብላ ታድን ነበር። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። በልጇና በውሻው መሃል ገባች። ወዲያው ጉሙ ከበታች መጥቶ ሁሉንም ሸፈነው። ጩኸት ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጉሙ ሲነሳ የተረጋገጠ ሣር ብቻ ነበር። ከታች ደግሞ የሰዎች ሁካታ ይሰማል። ጎረቤቶች ውሻውን ማሳው ዳር በዱላ ገደሉት።

ስደርስ እትዬ የተበላውን ገመድ ይዘው ቆመዋል።

«ደህና አድርጌ ነበር ያሰርኩት» አሉኝ።

ያኔ ውሻው ያበደ እንደነበር ማንም አልተጠራጠረም። ከጎረቤት አንድ አዛውንት መጡ። አካባቢው ሁሉ እብድ ውሻ የነከሰውን ሰው የሚወስደው ወደ እሳቸው ነው። ሥር ወቅጠው በወተት በጥብጠው ለእትዬ ሰጧቸው። እትዬ አማትበው ጠጡ። አዛውንቱ ትእዛዙን ነገሩ። ይህን መድኃኒት የወሰደ ሰው እስከ አርባ ቀን የሚሄድ ውኃ አይሻገርም፤ በእግርም፣ በበቅሎም፣ በድልድይም። ከተሻገረ ውኃው መድኃኒቱን ይዞት ይሄዳል፣ በሽታው ብቻውን ይቀራል።

ሸንተረሩ ላይ ወጥቼ ለአስተማሪዬ ደወልኩ። ስለ ቀበሮዎቹ ነገርኳቸው፣ ከዚያ ስለ እትዬ እጅ። «ቀበሮዎቹን ተያቸው» አሉኝ። «ሴትዮዋ ክትባት ካላገኙ፣ በሽታው አንዴ ከጀመረ የሚያድን የለም። ታውቂዋለሽ።» አውቀዋለሁ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ። እሳቸው ለጤና ጣቢያው ደውለው አጣሩልኝ። ጣቢያው ያለው በመንገዱ ዳር ባለችው ከተማ፣ የእትዬ ልጅ በምትኖርበት ነው። መድኃኒቱን ከደብረ ታቦር ያስመጡታል፤ ሴትዮዋ ብቻ ይምጡ አሉ።

ወደ ከተማዋ የሚወስደው መንገድ ግን ከቤቱ በታች ያለውን ወንዝ ይሻገራል። ሌላ መንገድ ማንም አያውቅም።

«እትዬ፣ ነገ እንውረድ» አልኳቸው።

«በየት በኩል?»

«ወንዙ እኮ ጉልበት እንኳን አይደርስም።»

«ይሄዳል አይደል? ይበቃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «እናቴን በልጅነቷ እብድ ውሻ ነክሷት ነበር። በዚሁ መድኃኒት፣ በእኒህ ሰውዬ አባት እጅ ነው የዳነችው። አርባ ቀን ውኃ አልተሻገረችም። ባትድን እኔ አልወለድም ነበር። ታዲያ ምን ልበልሽ?»

የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። የእናታቸውን መዳን ልወስድባቸው አልፈለግሁም።

ልጃቸውን አስደወልኳቸው። ሸንተረሩ ላይ ቁጭ ብለን ስልኩን በመሃላችን አደረግነው።

«እማዬ፣ ነገ በጠዋት ውረጂ!» ትላለች ልጅቷ።

«ውኃውን አልሻገርም።»

«እሱንም ውኃ ብለሽው! እኔ ባሕር ተሻግሬ መጥቻለሁ!»

«አንቺ መድኃኒት አልጠጣሽማ።»

«ተሸክሜ ላሻግርሽ?»

«ብትሸከሚኝስ ከሥሬ አይሄድም?»

«እማዬ አብደሻል እንዴ?»

ልጅቷ ምን እንዳለች ሲገባት ድምፅዋ ተለወጠ። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለች።

«ግዴለም፣ ገና ነኝ» አሉ እትዬ።

ያን ምሽት ቆሎ እየበላን እትዬን አየኋቸው። ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለኝ ቀበሮዎቹን እንደማይ ነበር ያየኋቸው። ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጡ እንደሆነ፣ እጃቸውን ያክኩ እንደሆነ፣ ውኃ ሲጠጡ ጉሮሯቸው እንዴት እንደሚሆን። ቶሎ እንደማይጀምር አውቃለሁ፤ ሆኖም አየሁ። ጣሳውን አንስተው ሊጠጡ ሲሉ አይናቸው ከእኔ ጋር ተገጣጠመ።

«ምነው? ቀበሮ መሰልኩሽ?»

«ኧረ እኔ…»

«እይ እይ። ጠጣሁ።» ጠጥተው ጣሳውን ገልብጠው አሳዩኝ።

መፍራት እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ፍርሃቱ ግን አልመጣም። ሊመጣ እንደሚገባው ብቻ አውቅ ነበር፤ እንደ እናቴ ለቅሶ።

በማግስቱ ቀበሮዎቹ አልታዩም። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ጠዋት እናትየዋ ብቅ አለች። ከኋላዋ ሁለቱ ወንዶች አሉ። ነጣ ያለችው የለችም። እናትየዋ አታነክስም፣ አትንገዳገድም፤ ደም አላየሁባትም። አልተጋደሙም፤ ቀጥታ የሸንተረሩን ጀርባ ይዘው ሄዱ። በማጉያው ተከተልኳቸው። አንዴ ብቻ ቆማ ወደ ኋላ አየች። ሦስተኛዋን ትፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ልጆቿ ወደ አፏ ሲጠጉ ጥርሷን አሳየቻቸውና መንገዷን ቀጠለች። እያነሱ እያነሱ ሄደው ነጥብ ሆኑ። ከነጥቦቹ ማዶ፣ ሸንተረሩ ዝቅ ብሎ በሚያልቅበት፣ አንድ ነገር በፀሐይ ብልጭ ብሎ አለፈ። የአውቶቡስ ጣራ ነው።

ማጉያውን አወረድኩ። በአንዱ ጎኔ የሚወርደው ውኃ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሄዶ ጣና ይገባል። በሌላው ጎኔ ያለው ወደ ማዶ ቆላ ይወርዳል። እኔ የተቀመጥኩት መሃሉ ላይ ነው። ውኃ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል እንጂ በዚህ አያልፍም። የቀበሮዎቹ መንገድ ከቤቱ በላይ ተነስቶ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ አንድም ወንዝ አያቋርጥም፤ የመኪናው መንገድም ከዚያ እስከ ከተማዋ ድልድይ የለበትም። ያንን ያህል ጊዜ ተቀምጬበት አላሰብኩትም ነበር።

እየሮጥኩ ወረድኩ። እትዬ ድንች ይኮተኩታሉ። ስነግራቸው ኩትኳቷቸውን አላቆሙም።

«ማን ይሄድበታል በዚያ? ሩቅ ነው፣ ገደል ነው።»

«ቀበሮዎቹ።»

ቀና አሉ። «ዝናብ ቢጥልስ? ዝናብ ውኃ አይደለም?»

ይህን አላሰብኩበትም። ተያይዘን ወደ አዛውንቱ ሄድን። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጭራ ይዘው ዝንብ ይከላከላሉ። እኔ መናገር ስላቃተኝ እትዬ ተናገሩ። አዛውንቱ ጥያቄውን አልናቁትም፤ ረዘም ላለ ጊዜ አሰቡበት።

«የተከለከለው የሚሄድ ውኃ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጤዛና ዝናብ የሰማይ ነው። የቆመ ውኃም ግድ የለም።»

«መርፌውስ አባባ?» አልኳቸው።

«ትወጋ! እኔ መቼ መርፌ ከለከልኩ? መርፌ ወንዝ ነው?» ጭራቸውን ወደ እትዬ ነቀነቁ። «በጎችሽን ከእኔ ጋር አውላቸዋለሁ። ሂጂ፣ አሁን ሂጂ።»

ለልጃቸው ደውዬ መንገዱ ላይ እንድትጠብቀን ነገርኳት። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የላስቲክ ጫማቸውን አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው ወጡ። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኔ። መንገዱ ሰው የሚያህሉ የጅብራ ተክሎች መሃል የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። ድንጋዮቹ ላይ የቀበሮ ኩስ አለ፤ ይህ የእኛ ነው ለማለት የሚያኖሩት ምልክት ነው። እትዬ አዩትና «እነዚህ ደግሞ መንገድ ጠራጊ ሆኑልን» አሉ። አንድ ሁለት ቦታ ሸንተረሩ ጎድጎድ ብሎ ውኃ አቁሯል። እትዬ ቆመው የጓሳ ሰበዝ ቆረጡና ውኃው ላይ ጣሉት። ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ሰበዙ አልተንቀሳቀሰም። ረግጠው አለፉ። በሁለተኛውም እንዲሁ። እኔም ሳላውቀው ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው እጠብቅ ነበር።

መንገዱ ሊታየን ሲል በረዶ ጣለ። ጃንጥላዋ ለሁለት አልበቃችም። ሲያባራ ምድሩ ነጥቷል። ከታች ጥቁሩ አስፋልት ይታያል፤ ልጅቷም ፕላስቲክ ራሷ ላይ ደፍታ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። ቁልቁል ወረድን። ከመንገዱ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እትዬ ቆሙ።

በመንገዱ ዳር የተቆፈረ ቦይ አለ። በረዶው ቀልጦ በቦዩ ውስጥ ቡናማ ውኃ እየወረደ ነው። በአንድ እርምጃ የሚታለፍ ነው። እትዬ ከነጠላቸው ጫፍ የያዙትን ሰበዝ ጣሉበት። ሰበዙ ወዲያው ከአይናችን ጠፋ።

«ይሄዳል» አሉ።

«እማዬ! ቦይ እኮ ነው! የመንገድ ሥራ የቆፈረው ነው!» ልጅቷ ከማዶ ትጮሃለች።

«ማን ቆፈረው አልተባለም።»

«ኧረ በማርያም! ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ነው! መድኃኒቱ መጥቶ እየጠበቀሽ ነው!»

«ውኃውን አቁሚው እንጂ እኔ ላይ ምን ያስጮህሻል?»

እትዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰማዩ ከኋላችን እንደገና ጠቁሯል። ሌላ ዝናብ ከመጣ ቦዩ እስከ ማታ አይደርቅም፤ ያን ያህል ርቀት መልሰን በጨለማ መሄድ አንችልም። እሳቸውም አንዴ ከተመለሱ ዳግመኛ እንደማይመጡ አውቄያለሁ። ልጅቷን አየኋት፤ አየችኝ። ቦዩ ውስጥ ገባሁ።

ድንጋይ እያነሳሁ መደርደር ጀመርኩ። ልጅቷም ጫማዋን ወርውራ ገባች። እሷ ድንጋይ ታቀብላለች፣ እኔ ከነሣሩ አፈር እየገነጠልኩ በመሃሉ እጠቀጥቃለሁ። መጀመሪያ ውኃው ጠረገው። እንደገና ሠራነው። ከላይ በኩል ወደ ሜዳው የሚያወጣ መፍሰሻ በእጄ ቆፈርኩ። በረዶ የቀለጠ ውኃ ስለሆነ ጣቶቼ መጀመሪያ አቃጠሉኝ፣ ከዚያ ደነዘዙ፣ ከዚያ የእኔ መሆናቸው ቀረ። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «እህቶቼ፣ ግድብ ነው?» አለ።

«አዎ! ሳንጨርስ እንዳታልፍ!» አለችው ልጅቷ። እሱም ክላክሱን እያስጮኸ ሄደ።

ውኃው ወደ ሜዳው ዞረ። ከግድባችን በታች ያለው ቦይ ቀስ በቀስ ጎድሎ ጭቃና ትንሽ ኩሬ ብቻ ቀረ። እትዬ ተነስተው መጡ። ሰበዝ ቆረጡ። ጣሉት።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ሰበዙ ትንሽ ዞረና ቆመ።

እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ረገጡና አለፉ። ልጃቸው አቀፈቻቸው፤ ታለቅሳለች፣ ትሳደባለችም። እኔ ቦዩ ውስጥ እንደቆምኩ ግድቡን በእግሬ ደግፌ ነበር፤ ልቀቂው እስኪሉኝ ድረስ።

መርፌውን ያን ቀን ጀመሩ። በየቀኑ መወጋት ስለነበረባቸው ሻይ ቤቱ ጓዳ ከልጃቸው ጋር ሰነበቱ። እኔ በቀበሮዎቹ መንገድ ብቻዬን ተመልሼ ቤታቸውን ጠበቅሁ፤ ድንቹንም ኮተኮትኩ። ማታ ማታ ሸንተረሩ ላይ ሆኜ እደውላለሁ። ልጅቷ «ደንበኞቼን ሁሉ መድኃኒት ጠጡ እያለች አባረረችብኝ» ትለኛለች። ከኋላ የእትዬ ድምፅ «ሻይሽ ነው ያባረራቸው!» ይላል።

እናትየዋን በየቀኑ አየኋት። አልታመመችም። ልጆቿም አልታመሙም። ትልቁ ወንድ አንድ ጠዋት አይጥ ያዘ፤ ለማንም ሳያሳይ ከአለት ኋላ ወስዶ በላው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እናታቸውን መለመን ተዉ። አንዳንድ ቀን ሦስቱም በየፊናቸው ሲያድኑ ይውላሉ፤ ሲመሽ ብቻ በአንድ መስመር ይሄዳሉ። ነጣ ያለችውን ዳግመኛ አላየኋትም። አስተማሪዬ ሴቶቹ ሲያድጉ ቤተሰባቸውን ትተው ይሄዳሉ አሉኝ። ውሻውስ ነክሷት ቢሆን? ሁለቱም ሊሆን ይችላል አሉ። ደብተሬ ላይ በየቀኑ «አልታየችም» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ መርፌውን ጨርሰው በመጡበት በዚያው በሸንተረሩ ተመለሱ፤ በየመንገዱ ሰበዝ እየጣሉ። የዳኑት በመርፌው ይሁን በአዛውንቱ ሥር አልተከራከርንም። አርባው ቀን እስኪሞላ ወደ ወንዙ አልወረዱም፤ ውኃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ሲጠጡ እኔ ማየቴን አልተውኩም።

አርባው አልፎ በማግስቱ ጠዋት «ነይ» አሉኝና ወደ ወንዙ ወረድን። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ውኃው ሞላ ብሏል። እትዬ ከልማዳቸው ሰበዝ ጣሉ፤ ይዞት በረረ። ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው ገቡና ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ተንበረከኩ፣ በሁለት እጃቸው ዘግነው ጠጡ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ይኸው ጠጣሁ። ጻፊው።»

«ደብተሩን ቤት ትቼዋለሁ።»

«እንግዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ተሻገሪ!»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውኃው በጣም ይበርዳል። መሃል ስደርስ ቅዝቃዜው ከእግሬ ተነስቶ አጥንቴ ውስጥ ገባ፤ ቆምኩ።

«ያማል» አልኳቸው።

«ያማል እንጂ» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን እየዘረጉልኝ።